መብረቁ የመረጠው ድምፅ

የሦስተኛው ፎቅ ጊታር ድምፁ የጠፋ ሳምንት ሰፈሩ ሰውየውን ሳይቀብረው የቀረው ለትንሽ ነው። አንዷ ታሞ ተኝቷል አለች፤ ሌላዋ ሚስቱ አባረረችው አለች፤ ከሥሩ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ ደግሞ "ከጣሪያዬ በላይ ያለውን ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ጊታሩን ሸጦታል" ብላ ማለች። ሰውየው ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ጊታሩን ታቅፎ፣ ከረፋድ ጀምሮ እየመታ ነበር። ወደ ውጭ የሚወጣ ድምፅ ብቻ ነው የጠፋው።

መብረቁ ነው የሚሉት። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱ በቀር የሚያስታውስ የለም፣ እሷም ስትቆጣ ብቻ ነው የምትጠራው። መብረቁ ያሉት በከንቱ አይደለም። ያ ከአምፑ፣ ከድምፅ ማጉያው፣ ጋር ሰክቶ የሚጫወትበት የስፒከር ሳጥን ቁመቱ የሰው ደረት ይደርሳል፤ ከፊቱ ሲቆም ሱሪው ይርገበገባል። ልብስ ሰፊዋ "መርፌዎቼ ከጠረጴዛው ላይ በራሳቸው እግር ሲወርዱ በዓይኔ አይቻለሁ" ትላለች። ትንሽ ታበዛለች እንጂ ከመሬት ተነስታ አይደለም። በመጨረሻ አከራዩ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ከዛሬ በኋላ አንድ ስሞታ ብሰማ ዕቃችሁን ደረጃው ላይ ነው የምታገኙት" ብሎ ሄደ። ማን እንዳሳበቀ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

ይሄ ሁሉ የሆነው ደግሞ ሥራ በመጣ ሰሞን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሥራ የጠራው ሰው አልነበረም። ሰው ሲጠይቀው "ዕረፍት ላይ ነኝ" ይላል፤ ሲዋሽ አገጩን ይነካካል። እና ስሟ አሁን አሁን መነሳት የጀመረ አንዲት ዘፋኝ፣ "ስምንት ዘፈን አለኝ፣ ጊታሩን ጋሼ ካልመቱልኝ አልዘፍንም" ብላ ላከችበት። ሰውየው ያን ቀን ሁለቴ ተላጨ። ሚስቱ፣ "አንድ ጊዜ ይበቃል፣ ቆዳው የራስህ ነው" አለችው።

መላውን ያመጣችው ልጁ ናት። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ቤት ውስጥ ግን አሁንም ሚጡ ናት። ሥራዋ ድምፅ መቅዳት ነው፤ ማስታወቂያም ይሁን ትረካ፣ ያገኘችውን። አንድ ቀን ጡብ የምታህል የብረት ዕቃ ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገቻት።

"ይቺ ደግሞ ምንድናት?" አለ አባት።

"የስፒከር ሳጥንህን የምትተካልህ። ከአምፑ የሚወጣው ኬብል ስፒከሩ ላይ መሰካቱ ቀርቶ እዚች ላይ ይሰካል። ጉልበቱን ትውጠዋለች፣ ድምፁን ለኮምፒውተሩ ትሰጣለች። ማይክ የለ፣ ጩኸት የለ። አንተ በሄድፎን ትሰማለህ።"

"ስፒከር ያልተሰካበት አምፕ ይቃጠላል። ይሄን ሳላውቅ ነው ያረጀሁት?"

"እንዳይቃጠል ነው እኮ የምትውጠው። ደግሞ ድምፁን በስፒከር የወጣ ታስመስለዋለች።"

"አስመሳይ አመጣሁብህ በይኛ።"

እናትየው ጥግ ላይ ልብስ እያጠፈች ነበር። "እዚህ ቤት አስመሳይ ያጣን ይመስል" አለች፣ ቀና ሳትል። ያኔ ልብ ያላት የለም።

የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ከአምፕ ሲወጣ ገና ጥሬ ነው። ወንፊቱ የስፒከሩ ወፍራም ወረቀት ነው፤ ቀጫጭኑን፣ ጆሮ የሚበሳውን ጩኸት ያስቀርና ዋናውን ያሳልፋል። ያለ ወንፊት ከተቀዳ ቆርቆሮ በሚስማር ሲፋቅ የሚሰማው ነው የሚሰማው። የብረቷ ዕቃ ጎኗ ላይ አንዲት ቁልፍ አለች። ቁልፏ ስትበራ ወንፊቱ አለ፣ ስትጠፋ የለም። ነገሩ ሁሉ ይሄው ነው፣ ሌላ ተንኮል የለውም።

የመጀመሪያው ቀን መብረቁ ሄድፎኑን አድርጎ ሁለት ደቂቃ መታና አወለቀው።

"ታፍኗል" አለ። "አፉ ላይ ትራስ ጭነሽበታል።"

"ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚቀዳው፣ አባዬ።"

"ሁሉም ሰው ትራስ ይወዳል ማለት ነው።"

በማግስቱም ትራስ። ሚጡ ያላዞረችው የለም፤ ቀጭኑን ጨመረች፣ ወፍራሙን ቀነሰች፣ እሱ ወይ ፍንክች። አባቷ እንዲህ ሲነጫነጭ አይታው አታውቅም። ቀልደኛ ሰው ነው። አሁን ግን ፊቱ አንድ ነገር የጠፋበት ሰው ፊት ሆነ፤ ኪሱን ደጋግሞ እንደሚዳብስ ሰው።

በሦስተኛው ቀን ኬብል ልትቀይር ስትጎነበስ ክንዷ ቁልፏን ነክቶ አጠፋት። አላየችም። ስልክ ተደውሎላት ወደ ማድ ቤት ሄደች። ስትመለስ አባቷ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን እየነቀነቀ፣ ጣቱ እንደ ልጅነቱ እየሮጠ ነው።

"አሁን መጣ" አለ። "ምን አደረግሽው? የኔ ሳጥን ይሄ ነው። ቁርጥ እሱ።"

ደስ አላት። "እስቲ ልስማ" ብላ ሄድፎኑን ከራሱ ላይ አውልቃ አደረገች፤ እሱ መታ። የንብ ቀፎ ጆሮዋ ላይ የተገለበጠባት መሰላት። ነጥቃ አወለቀችው። ከዚያ ዓይኗ ወደ ብረቷ ዕቃ ሄደ፤ መብራቷ ጠፍቷል።

መጀመሪያ እየቀለደባት መሰላት። ፊቱን አየች። ቀልድ የለበትም።

"እህ?" አለ አባት። "ጥሩ አይደለም?"

"ጥሩ ነው" አለች። ሌላ ምን ትበል። ያን የንብ ጩኸት ሕፃን ልጅ እንኳ ቢሰማው ያለቅሳል፤ እሱ ግን ጩኸቱ ጭራሽ አልደረሰውም። አሁን ገባት። ቀጫጭኑን ድምፅ የሚያስቀረው ወንፊት የገዛ ጆሮው ውስጥ አለ። በላዩ ላይ ሌላ ወንፊት ሲጨመርበት ነው የታፈነበት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚያ ሳጥን ፊት ቆሞ ጆሮውን ሲያስወቅጥ ኖሮ፣ ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነውና፣ ጩኸቱ ቀስ እያለ ወስዶበታል። እስከዛሬ ያልታወቀው ሳጥኑ ስለነበር ነው። ሳጥኑ እያለ በደረቱም በእግሩም ጭምር ይሰማ ነበር።

እናቷን ልብስ የሚሰጣበት ሰገነት ላይ አገኘቻት።

"እማዬ፣ አባዬ ጆሮው…"

"አራት ዓመቱ" አለች እናት፣ የልብስ መቆንጠጫውን በጥርሷ እንደያዘች።

"ታውቂያለሽ?"

"እኔ ካላወቅኩ ማን ይወቅ? መጀመሪያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ስጠራው ዝም ሲለኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለኝ መስሎኝ ስንት ቀን አኮረፍኩት። እሱ ደግሞ ማኩረፌንም አላወቀ። ለብቻዬ ሳኮርፍ ከረምኩ። በኋላ አየሁት፤ ሰው ሲያወራ የሚያየው አፉን ነው። ደወል ሲደወል የሚነሳው እኔ ስነሳ ነው። ሰው የሚለውን እኔ ደግሜ እልለታለሁ፣ 'እንዲህ አለች እኮ፣ አትሰማም?' እያልኩ። ሰው ሁሉ ወሬኛ ሚስት አለችው ይላል።"

"ለምን አልነገርሽውም?"

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል አልሰማሽም? ቀባጣሪ ነኝ እንጂ ጨካኝ አይደለሁም። ጊታር መቺ ነው፣ ሚጡ። 'አትሰማም' ብለሽ ትነግሪዋለሽ? እስቲ ሞክሪው፣ አፍሽ ከተከፈተልሽ።"

አፏ አልተከፈተም። ያደረገችው ሌላ ነው። አባቷን በሄድፎኑ ንቡን እያሰማችው ከስምንቱ አራቱን ዘፈን ቀዳች። እሱ ተኝቶ ሳለ ደግሞ ከሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብላ ለተቀዳው ሁሉ ወንፊቱን መልሳ የስፒከር ሳጥን አለበሰችለት። የድሮው መብረቁ መጣ፤ የሚወፍረው፣ የሚያለቅሰው፣ ከሆድ የሚወጣው። ጣቱማ ምን ሆነ። ጣቱ እንዳለ ነው። ሁለቱም ደስ ይበላቸው፣ ዘፋኟም አባቴም፣ ማንም ሳይጎዳ ይለፍ ብላ አሰበች። ብልጠት መስሏት ነው። እንዲህ ያለ ብልጠት ዕድሜው አጭር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መብረቁ "የሠራነውን ላኪላት፣ ግን መጀመሪያ ልስማው" አለ። ሚጡ ሳጥን ያለበሰችውን አሰማችው። አንዱን ዘፈን ጨርሶ ሳይሰማ እጁን አነሳ።

"ትራሱን ማን መለሰው?"

"አባዬ፣ ለዘፋኟ ይሻላል ብዬ…"

"የኔን ድምፅ አንቺ ትመርጪልኛለሽ?" ድምፁን አልጨመረም። አለመጨመሩ ነው የባሰው። "እኔ የኖርኩት በጣቴ ይመስልሻል? ጣት ሁሉም አለው። ሰው የሚጠራኝ ድምፄን ስለምመርጥ ነው። አትመርጥም ካልሽኝ ሌላ ጊታር መቺ ፈልጊ።"

መናገሪያው ያኔ ነበር። እናቷ በር ላይ ቆማ በዓይኗ 'ንገሪው' አለቻት። ሚጡ ግን፣ "እሺ፣ የመረጥከውን እልካለሁ" አለች። ላከችውም። ጥሬውን፣ ንቡን፣ እንዳለ።

መልሱ የመጣው እሁድ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ሦስቱም ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። የዘፋኟ የድምፅ መልእክት ነው። መብረቁ ገና ስሟን ስክሪኑ ላይ ሲያይ፣ "ክፈቺው፣ ክፈቺው፣ ሁላችንም እንስማ" አለ። ስልኩ ጠረጴዛው መሐል ተቀመጠ። ዘፋኟ እንዲህ አለች፦

"እህቴ፣ ምንድነው የላክሽልኝ? ጋሼ ደህና ናቸው? ዝንብ ጠርሙስ ውስጥ ገብታ የምትንጫጫ ነው የሚመስለው። አብሮኝ የሚሠራው ሰውዬ ሳቀ፣ እኔ አፈርኩ። ተሳስተሽ ከሆነ አስተካክዪው። እስከ ሐሙስ ካልሆነ ሌላ ሰው መጥራቴ ነው፣ ምን ላድርግ። ለእሳቸው ግን እንዳትነግሪያቸው፣ እወዳቸዋለሁ።"

ስልክ አፍ የለውም። መብረቁ ስልኩን ትክ ብሎ እያየ፣ ፈገግታውን አዘጋጅቶ ጠበቀ፤ አልቆ ዝም ሲል ቀና አለ።

"ምን አለች?"

ልጅ እናቷን አየች። አራት ዓመት ሰው ያለውን ሁሉ የምትደግምለት ሴት አፏን አልከፈተችም።

"ወዳዋለች" አለች ሚጡ።

ፈገግታው ሰፋ። "አላልኩሽም?" አለና ማንኪያውን አነሳ።

እናት ሳህኗን ገፋ አደረገች። ከዚያ ዞራ ፊቷን ከፊቱ ትይዩ አድርጋ፣ ቃሉን እየቆረጠች፣ "አላለችም" አለችው። "ሚጡ፣ ያለችውን ንገሪው። አንድም ሳታስቀሪ።"

ነገረችው። ዝንቧንም፣ ጠርሙሱንም፣ የሳቀውን ሰውዬም፣ ሐሙስንም። 'እንዳትነግሪያቸው' የምትለዋንም ጨመረች። እሷን ብትተዋት ምን ነበረበት።

መብረቁ መጀመሪያ ሳቀ። "ስልክ ላይ ምን ዝንብ ያልሆነ አለ? ጆሮዋን ታስመርምር።"

"አባዬ፣ የሷ ጆሮ አይደለም።"

ሰውየው ሚስቱን አየ፣ ልጁን አየ። "አምጪ እሺ" አለ። "መርምሪኝ። ሁለታችሁም ዶክተር ሆናችሁ የለ።"

ሚጡ ኮምፒውተሩን ከፈተችና ከወፍራም ተነስቶ እየቀጠነ እየቀጠነ የሚሄድ አንድ ድምፅ አዘጋጀች። "ስትሰማ እጅህን አንሳ፣ ሲጠፋብህ አውርድ" አለችው። ድምፁ ጀመረ። እጁን አነሳ። ድምፁ ቀጠነ፣ ፉጨት ሆነ፣ ከዚያ የመርፌ ጫፍ ሆኖ ጆሮ ወጋ፣ እናት ፊቷን አጨማደደች። ድምፁ ሲቆም እጁን አወረደ። ልክ በሰዓቱ።

"እህሳ? ደንቆሮው ማነው?"

ሚጡ ተሳስቼ ነው እንዴ ብላ አሰበች፣ ተሳስቼ ቢሆን ብላም ተመኘች። እናት ግን አላሳለፈችውም።

"ፊቴን ነው ያየኸው። ወደ ግድግዳው ዙር።"

"አንቺ ሴትዮ…"

"ዙር አልኩህ።"

ዞረ። ወንበሩን አዙሮ ባዶ ግድግዳ ላይ አፈጠጠ። ድምፁ እንደገና ጀመረ፣ እጁ ተነሳ። ገና ፉጨት ከመሆኑ፣ ሻይ ማንቆርቆሪያ ሊፈላ ሲል የሚያሰማው ዓይነት ላይ ሲደርስ፣ እጁ ወረደ። ድምፁ ግን ይቀጥላል። መብረቁ "አየሽ፣ አለቀ" እያለ ዞር ሲል ሚስቱን አያት። ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ ጭና፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ሆና ቆየች። ክፍሉ ለእሱ ጭር ያለ ነው።

ጊታሩን ግድግዳው ላይ ሰቀለና ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ሁለት ቀን ሙሉ ደረጃው ላይ ዋለ። ሰኞ ልብስ ሰፊዋ ከኋላው መጥታ "እንደምን ዋሉ ጋሼ" ብትለው አልመለሰላትም። ማክሰኞም እንዲሁ። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ በሩን አንኳኳች።

"ምን በደልኳቸው?" አለች። "ሰላምታ ነፈጉኝ። ለአከራዩ የተናገርኩት እኔ ነኝ ያላቸው ሰው አለ? ወይስ ዘፋኟ ስለጠራቻቸው ነው?"

እናት በሩን ይዛ ቆመች። ባሏ ደንቆሮ ቢባል ወይስ ኩሩ ቢባል፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረባት።

"አዎ" አለች። "ኮርቷል። ሥራ ሲያገኝ እንዲህ ያደርገዋል፣ ምን ይደረግ።"

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ መብረቁ ኮራ እያለ ሲያወራ ዋለ። እናት ከገበያ ስትመለስ ሦስት ሰው ነገራት፣ ለሦስቱም "እውነት ነው" አለቻቸው።

ረቡዕ ከሰዓት መብረቁ ገባ። ጊታሩን አወረደ፣ ሰካ፣ ሄድፎኑን አደረገ። ሚጡ ኮምፒውተሩን ከፈተች። የመጀመሪያውን ዘፈን ልትከፍትለት ስትል እጇን ያዛት።

"አንቺ ምረጪ" አለ። "ስትመርጪ ግን ፊትሽን እንዳላይ።"

ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቁልፏን አበራች። ለእሱ ትራሱ እንደተመለሰ ከትከሻው አወቀች፤ ትንሽ ወረደ። "ታፍኗል" አለ ለራሱ፣ ከዚያ መታ። ሚጡ በራሷ ሄድፎን ሰማችው። እንደዚያ ቀን ሲመታ ሰምታው አታውቅም። የማይሰማውን እያስታወሰ ነው የሚመታው። ዘፈኑ ሲያልቅ ጣቱን ክሮቹ ላይ አሳርፎ ጠበቀ።

"ልክ ነው?" አለ፣ ግድግዳውን እያየ።

ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ እንደማያያት ትዝ አላት። "ልክ ነው" አለች፣ አልደረሰውም። ተነስታ እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። እሱ ግን ክሮቹን ለቀቀ።

"ተበላሸ?"

ዞራ ከፊቱ ቆመች። ዓይኑን ጨፈነ። ፊትሽን እንዳላይ ብሏል፣ ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለም። ሚጡ ሄድፎኑን ከአንድ ጆሮው ላይ ገፋ አድርጋ አፏን አስጠጋች።

"ልክ ነው፣ አባዬ። በጣም ቆንጆ ነው።"

ሰማት። እንደሰማት ከቅንድቡ አወቀች። ግን ዓይኑን አልገለጠም፣ ፈገግም አላለም። በዝግታ፣ ቂም በሌለው ድምፅ፣ "እሁድም 'ወዳዋለች' ብለሽኝ ነበር" አለ። ጊታሩን ጭኑ ላይ አመቻቸ።

"እናትሽን ጥሪልኝ። 'አላለችም' ያለችኝ እሷ ናት።"

ሚጡ ሄዳ ጠራቻት።